የአጎቴን ሞት ከፌስቡክ ካነበብሁ በኋላ ስልኬን የምይዝበትን መንገድ ለወጥሁ፤ እናንተስ እንዴት ትይዙታላችሁ?

ባለ ማታ ፈረቃ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። እስከ ዛሬ እናንተ የምትጽፉትን ሳነብ ኖርሁ እንጂ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ማኅበራዊ ሚዲያ በአእምሮ ሰላም ላይ ስለሚያሳድረው ጫና የእናንተን ልምድ መስማት ስለፈለግሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ልናገር።

የምሠራው በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሥራዬን ጨርሼ አልጋዬ ላይ ጋደም የምለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በብርዱ ወራት በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። እኔ ቀኔን ስዘጋ አገር ቤት ቀኑን ይከፍታል ማለት ነው። ማን እንደታመመ፣ የት መንገድ እንደተዘጋ፣ ማን ማንን እንደሰደበ፣ ትኩስ ትኩሱ የሚለጠፈው እኔ ዓይኔን ልከድን ስል ነው። ለዓመታት ይህን እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር፤ ከአገሬ ጋር አብሬ የምነቃ ይመስለኝ ነበርና።

ባለፈው ጥር አንድ ማክሰኞ ሌሊት እንደ ልማዴ ገጹን እየገፋሁ ሳለሁ፣ በአንድ የሠርግ ጭፈራና ስለ ሽንኩርት ዋጋ በተጻፈ ምሬት መካከል ያሳደገኝን አጎቴን ፎቶ አየሁ። ፎቶውን ያነሣሁት እኔው ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ለእረፍት በሄድሁ ጊዜ ነጭ ጋቢውን ደርቦ በሩ ላይ ቆሞ «ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፣ ቶሎ በል» እያለ ያስቸኩለኝ ነበር። አሁን ከጎኑ የሚነድ ሻማ ተለጥፎበት፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። የለጠፈው የአክስቴ ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሲሆን እኔ በአካል አላውቀውም። ምናልባት አንዱ «ሐሰት ነው» ብሎ እንደሆነ እያልሁ አስተያየቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብሁ።

ለካስ ቤተሰቦቼ በደንቡ ሊያረዱኝ ተዘጋጅተው ኖሯል። እረፍቴ ቅዳሜ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ እዚህ ያሉ ወዳጆቼ በዚያ ቀን በማለዳ ቤቴ እንዲመጡ ደውለው ተስማምተዋል። ቅዳሜ አራት ሰዎች እንጀራና ወጥ ይዘው መጥተው በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ፊታቸውን አየሁና «አውቄአለሁ» አልኋቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን ሥራ ገብቼ ስወጣ፣ የሰው መኪና እያቀረብሁ «መልካም ምሽት» ስል መክረሜን ሲረዱ ከእኔ ይልቅ እነርሱ አለቀሱ።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ስልኬን የምከፍተው ለመደሰት መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥበቃ ሠራተኛ በር ለመጠበቅ ሆነ። «ዛሬስ ማን?» እያልሁ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እነቃለሁ፤ ምንም ባላገኝ እንኳ ጥቂት የጦርነት ምስል፣ ጥቂት የብሔር ስድብ አይቼ እመለሳለሁ። ጠዋት እግሬ ከብዶኝ፣ ሰው ሲያናግረኝ ደርሶ ቁጣ ቁጣ እያለኝ እነሣለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ስለ መርዶ ማሰብ ጀመርሁ። ወላጆቻችን መርዶን ዝም ብለው አይናገሩም። ሰዓት አለው፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን በማለዳ ነው። ቦታ አለው፤ በመንገድ ወይም በገበያ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ነው። ሰው አለው፤ የሚያረዱት የሚደግፉትም ናቸው፤ ሲወድቅ የሚይዙት፣ ፊቱን ሲነጭ እጁን የሚይዙት። ስልክ የነጠቀኝ እነዚህን ሦስቱን ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ሌላውንም ባየው፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ የታመምሁበት ነገር ሁሉ ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ቦታው፣ ያለ ሰው የመጣብኝ ነው። በቀን ከወዳጅ ጋር ቡና ላይ ብሰማው ኖሮ የምሸከመውን ወሬ ሌሊት ብቻዬን ስለሰማሁት ተሸነፍሁለት።

ስለዚህ ፌስቡክንም ቴሌግራምንም አልዘጋሁም፤ ሰዓት፣ ቦታና ሰው መለስሁላቸው። ስልኬ ማታ የሚያድረው ወጥ ቤት፣ ጀበናው አጠገብ ነው፤ ለመንቂያ የሚሆን ተራ የደወል ሰዓት ገዛሁ። ዜና የማነበው በቀን አንድ ጊዜ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ራሴ ከመረጥኋቸው ሁለት የዜና ገጾች እንጂ ተንከባልሎ ከሚመጣልኝ አይደለም። ከእህቴ ጋር ደግሞ አንድ ቃል ተግባባን፤ ክፉ ወሬ ካለ በድምፅ ትደውልልኛለች፤ እኔ ሳልሰማ ከቤታችን ማንም አይለጥፍም።

ይህ የእኔ መላ ነው። የጎደለው ነገር እንዳለ ይሰማኛል። እናንተስ ምን አደረጋችሁ?

የእድር ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ምክንያቱም የነገርከው ችግር እኛም ዘንድ፣ ሟቹ ከተቀበረበት ሰፈር ውስጥ ጭምር ያለ ነው።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚወጣው። ጥሩምባው የሚጠራው ግን ለቅሶ ደራሹን፣ ድንኳን ተካዩን፣ መቃብር ቆፋሪውን እንጂ የሟቹን ልጅ አይደለም። ሩቅ ላለ ልጅ ሰው ይላክ ነበር፤ መልእክተኛውም «አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ና» ብሎ ይዞት ይመጣል እንጂ መንገድ ላይ አያረዳውም። አራስ ከሆነች እስክትጠነክር ይዘገይላታል። ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ የሰውን ልብ የሚችለውን ያህል መጫን ነው።

ዛሬ እድራችን የቴሌግራም ቡድን አለው። ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን ሲያርፍ ወጣቶቹ ማን ቀድሞ እንደሚለጥፍ የተሽቀዳደሙ እስኪመስል ድረስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ሰው ፎቶውን ለጠፈ፤ ሴት ልጁ ወልዲያ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ሆና አነበበችው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ብርቱ ክርክር ተደርጎ ሦስት ነገር ተወሰነ። በቡድኑ ውስጥ መለጠፍ የሚችሉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ሆኑ፤ ሞት የሚለጠፈው የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ መረዳቱን አንድ የቤተሰብ ተወካይ ካረጋገጠ በኋላ ሆነ፤ በግል ገጹ ቀድሞ የሚለጥፍ አባል ደግሞ እንደ ለቅሶ ቀሪ ይቀጣል። መቀጫው ትንሽ ብር ነው፤ ነገር ግን በጉባኤ ፊት ስም ሲጠራ ያሳፍራል፤ ሥራውን የሠራውም እፍረቱ ነው። ስልክን በየግላችን ብቻ ማስተካከል እንደማይበቃ ለመጠቆም ያህል ነው የጻፍኩት፤ የሚለጥፈውም ደንብ ያስፈልገዋል።

ተጠራጣሪው (አዲስ አበባ)፦

በቅድሚያ ነፍስ ይማር። ኀዘንዎን ሳላቃልል ሁለት ነገር ልቃወም፤ ለመቃወም ብቻ ሳይሆን ነገሩ እንዲጠራ ስለምፈልግ ነው።

አንደኛ፣ «ማኅበራዊ ሚዲያ አእምሮን ያሳምማል» የሚለው አባባል እንደሚወራው የጠነከረ ማስረጃ የለውም። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ350 ሺህ በላይ ታዳጊዎች የሰጡትን መረጃ መርምረው፣ በታዳጊዎቹ የደኅንነት ስሜት መካከል ከሚታየው ልዩነት ዲጂታል ቴክኖሎጂ መጠቀም የሚያብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ድንች አዘውትሮ መብላት እንኳ ከዚህ የማይርቅ ቁርኝት ተገኝቶለታል። ድንችን ግን ማንም አያወግዝም።

ክልከላ ፈውስ እንዳልሆነ ደግሞ በራሳችን አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው አምስት ወር ያህል ሲቆዩ እኔ የተሻለ እንቅልፍ አላገኘሁም። ቪፒኤን (እገዳን የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ጭኜ፣ አንዱ ሲቋረጥ ሌላውን እየሞከርኩ፣ ከቀድሞው ይልቅ በጥማት ነበር የምከታተለው። በቀን አሥር ጊዜ የማልከፍተውን ፌስቡክ፣ «አሁን ደግሞ ይሠራ ይሆን?» እያልኩ ሠላሳ ጊዜ ሞከርኩት። በዚያው ሰሞን የገባው ዐቢይ ጾም ላይ ግን ከዘፈንና ከቀልድ ቪዲዮ ራሴን በገዛ ፈቃዴ ከልክዬ ነበርና፣ ያኛው ምንም አልከበደኝም። በሌላ ሰው እጅ የተዘጋ በርና በራስ እጅ የተዘጋ በር አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞዬ ይከብዳል። የወገንን ስቃይ የሚያሳይ ምስል «ለአእምሮዬ ጤና» ብሎ መዝለል ተገቢ ነውን? የሚያየው ከሌለ ማን ይመሰክራል?

የወሎ ልጅ (ደሴ)፦

ለተጠራጣሪው ሁለተኛ ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ምስሉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ ይመስለኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ኔትወርክ ተቋረጠ። እኛ በቤታችን ውስጥ ተቀምጠን ከግቢያችን ውጭ የሆነውን አናውቅም ነበር። ጀርመን ያለችው አክስቴ ግን በየሌሊቱ ሁሉንም ስታይ ኖራለች፤ የእኛን ከተማ፣ የሌላውን ከተማ፣ የዛሬውን፣ የዓመት በፊቱን፣ እውነቱን፣ የተቀነባበረውን ሁሉ። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወልኩት ለእርሷ ነው። ስልኩን አንሥታ ድምፄን ስትሰማ መናገር አቃታት። አሥር ኪሎ ያህል ቀንሳለች፤ ከሥራዋም ቀርታ ነበር። እኛ ያየነውን አይተናል፤ እርሷ ግን የሁላችንንም አንድ ላይ አይታለች።

አክስቴ ያንን ሁሉ በማየቷ ለእኛ የተረፈን ነገር አልነበረም። የተረፈን ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሑድ መደወሏ፣ የወንድሜን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ መሸፈኗ፣ እናቴን «ምን በላሽ?» ብላ መጠየቋ ነው። መመስከር የሚፈልግ ሰው መዝግቦ፣ አጣርቶ፣ ለሚመለከተው ይሰጣል። ሌሊት አልጋ ውስጥ ሠላሳ ቪዲዮ ማየት ግን ምስክርነት ሆኖ አልታየኝም።

እናት በስደት (ሪያድ)፦

ሁላችሁም በጨዋ ቃል ስትነጋገሩ አይቼ ድፍረት አገኘሁ። እኔ በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። «ስልክህን ወጥ ቤት አሳድረው» የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የማድረው ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ስልኬም ጓደኛዬ፣ ሰዓቴ፣ መስኮቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጄን የማየው በኢሞ ነው። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው ስልክን እንዴት ላርቀው ሳይሆን ውስጡ ካለው የትኛውን ልያዝ የሚል ነው።

እኔን የጎዳኝ ወሬ አይደለም፤ ፎቶ ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ማዳም ቤት በሌለችበት ሰዓት ሳሎኗ ውስጥ፣ ወርቃማ እግር ያለው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነሣሁና ለጠፍኩ። ምንም ክፋት አልነበረውም፤ አንድ ቀን እንኳ ቆንጆ ቦታ ልቀመጥ ብዬ ነው። ወንድሜ ያንን አይቶ «አንቺ እንዲህ እየኖርሽ ለእኔ ባጃጅ መግዣ ታጪያለሽ?» አለኝ። ወር ሙሉ ተቀያየምን። ከዚያ ደግሞ እኔው ራሴ የሌሎችን እንዲሁ እንደማይ ገባኝ። ዱባይ ያለች የሰፈሬ ልጅ ወርቅ አድርጋ ስትጨፍር አይቼ «እኔ ምን ሆኜ ነው?» እያልኩ ሳለቅስ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ማን ያውቃል፣ እርሷም በሰው ሶፋ ላይ ትሆናለች።

ያደረግኩት ይህ ነው። አይቼው ከጨረስኩ በኋላ ራሴን የሚያስንቀኝን ገጽ ሁሉ፣ የቅርብ ሰው ቢሆንም፣ ሳልጣላ መከተሌን አቆምኩ፤ ጓደኝነቱን ሳይሰርዙ መከተል ማቆም እንደሚቻል አንዲት ልጅ አሳየችኝ። ለልጄ ከፎቶ ይልቅ በድምፅ ተረት እየቀረጽኩ እልክለታለሁ፤ እናቴ ማታ ማታ ታስከፍትለታለች። ሌሊት የቲክቶክ ላይቭ ላይ ገብቼ ለማላውቀው ሰው «ባትል» (ማን ብዙ ስጦታ ያገኛል የሚሉት ፉክክር) ስጦታ መላክም ትቻለሁ። የደመወዜ ስንቱ በዚያ እንደሄደ ለመናገር አፍራለሁ።

የአእምሮ ጤና ነርስ (ሐዋሳ)፦

እህቴ፣ ያለ ማንም አስተማሪ የደረስሽበት ነገር በጥናቶችም ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ዝም ብሎ የሌሎችን ሕይወት እያዩ ማለፍና ከሚያውቁት ሰው ጋር መነጋገር በአንድ ስልክ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለልጅሽ ተረት ስትቀርጪ ያሳለፍሽው ሰዓት ከሌላው ጋር ተደምሮ አይቆጠርብሽም።

ተጠራጣሪው ስለጠቀሱት ጥናት ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ቁርኝትን ከመለካት አልፈው የሞከሩም አሉ። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ከ143 ተማሪዎች ከፊሎቹ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን ለሦስት ሳምንት እያንዳንዱን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተደርጎ ብቸኝነታቸውና የድባቴ ስሜታቸው ቀንሷል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ክፍያ ተሰጥቷቸው ፌስቡክን ለአራት ሳምንት የዘጉ ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተርፏቸዋል፤ ዜና የማወቃቸው መጠን ቢቀንስም የደኅንነት ስሜታቸው በመጠኑ ተሻሽሏል። «በመጠኑ» የምትለዋን ቃል አትለፏት፤ ተአምር አልታየም።

በሥራዬ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። ብዙ ሰው «ስልክ አስጨነቀኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ጠጋ ብለን ስናየው ስልኩ መጀመሪያ የወሰደው እንቅልፉን ሆኖ እናገኘዋለን፤ ጭንቀቱ ተከትሎ መጥቷል። ባለ ማታ ፈረቃ የነገሩን ሌሊት እየነቁ «ዛሬስ ማን?» ማለትም ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ሰውነት አደጋን ሲጠብቅ የሚያሳየው ጠባይ ነውና ስንፍና አድርገው አይቁጠሩት። አሰቃቂ ምስል ሳይመርጡት እንዳይገባባችሁ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ከማስተካከያው ማጥፋት ይቻላል።

ነገር ግን ማስተካከያ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሐዘንና ባዶነት፣ ይወዱት በነበረው ነገር ደስታ ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ይልቁንም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ጉዳዩ የስልክ መሆኑ ቀርቶ የሕክምና ሆኗል። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ያውቀዋል፤ በየክልሉም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። አሜሪካ ያላችሁ በማንኛውም ሰዓት ለእንዲህ ያለ ጭንቀት ወደተዘጋጀው የስልክ መስመር 988 ደውላችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የሁለት ልጆች አባት (ሜልበርን)፦

እዚህ አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በትልልቆቹ መድረኮች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ቅጣቱም በኩባንያዎቹ ላይ እንጂ በልጁ ወይም በወላጁ ላይ አይደለም። የ14 ዓመቷ ልጄ አካውንቷ ሲዘጋ ተቆጣች፤ ከዚያ ቀና ብላ «የአንተስ?» አለችኝ። እራት ላይ ስልኬን ከሰሐኑ አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት። ገና መልስ አልሰጠኋትም፤ ስልኩን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገበታ ላይ አላወጣሁትም።

እናት በስደት (ሪያድ)፦

ባለ ማታ ፈረቃ፣ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስልክህ ወጥ ቤት እያደረ እህትህ በሌሊት ብትደውል እንዴት ትሰማለህ? እኔም የእናቴ ጥሪ ብቻ እንዲሰማ፣ ሌላው ሁሉ ዝም እንዲል እፈልጋለሁ።

ባለ ማታ ፈረቃ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

እህቴ፣ «ዱ ኖት ዲስተርብ» (አትረብሹኝ) የሚለውን ማስተካከያ ክፈቺና እንዲያልፉ የምትፈቅጂላቸውን ሰዎች ምረጪ፤ በአይፎንም በአንድሮይድም አለ። የእናትሽን ቁጥር ብቻ ካስገባሽ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል፣ የእርሷ በመደበኛ ስልክ ከደወለች ይጮኻል። እንደ ኢሞ ያለ መተግበሪያን ግን ለብቻው መፍቀድ ሊያስፈልግሽ ስለሚችል፣ ከመተኛትሽ በፊት አንድ ጊዜ አስደውለሽ ሞክሪው። እኔ አምስት ቁጥር አስገብቻለሁ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ስለምከፍተው ከወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል።

ለእድሩ ጸሐፊ፦ የጉባኤያችሁን ውሳኔ ለእኛ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አነበብሁላቸው። ስለ መቀጫው ገና እየተከራከሩ ነው፤ «ቤተሰብ ሳይረዳ አይለጠፍ» የሚለው ግን ያለ ክርክር አልፏል። ለተጠራጣሪው ደግሞ፦ ስለ ድንቹ ስቄአለሁ፤ በፈቃድ ስለተዘጋው በር የጻፉት ግን ከእኔ ጽሑፍ የጎደለው እርሱ ነበር።

ከእህቴ ጋር የተግባባነው ቃልም ባለፈው ሳምንት ተፈተነ። በእረፍት ሰዓቴ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ብቻህን ነህ ወይስ ሰው አለ?» አለችኝ። አብሮኝ የሚሠራው ጎንደሬ ጎኔ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን እየከፈተ ነበርና «ሰው አለ» አልኋት። ከዚያ በኋላ ነው እናታችን ወድቃ እግሯ መሰበሩን፣ ሆስፒታል ገብታ መጠገኑን፣ ከእርሷ ጋር ማን እንዳደረ በቅደም ተከተል የነገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ ጎንደሬው ምንም ሳይጠይቅ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።